የክሬሙን ጀርባ አንብቡ፦ ግሊሰሪን፣ ግላይኮል ወይስ ሃያሉሮኒክ አሲድ?

ክሬም ስንመርጥ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ፊት ለፊት በትልቁ በተጻፈው ላይ ነው። አንዱ "በእሬት የበለጸገ" ይላል። ሌላው "በቫይታሚን ሲ" ይላል። እስቲ ጠርሙሱን ገልብጡት። ዝርዝሩ አብዛኛውን ጊዜ በውሃ ይጀምራል። ቀጥሎ ግሊሰሪን፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል ወይም ቡቲሊን ግላይኮል ይመጣል። ፊት ለፊት ስሙ የገነነው እሬት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከታች፣ ከሽቶው አጠገብ ተሸጉጦ ነው።

ክሬሙ ቆዳችሁን ያለሰልስ ወይም ያሳክክ እንደሆነ ለመገመት እነዚህን ስማቸው የማይነሳ ነገሮች ማየት ያስፈልጋል። እኔም ለዓመታት አላያቸውም ነበር። አንድ ሴረም ፊቴን ሲለበልበኝ ጥፋቱን በቫይታሚኑ ላይ ጣልኩ። ሌላ ገዛሁ፤ ያው ነው። ሦስተኛ ገዛሁ፤ አሁንም ያው። ሦስቱንም ጠርሙሶች ገልብጬ ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ነው ሦስቱም ላይ አንድ ስም እንዳለ ያየሁት። የቱ እንደሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሁለት ሥራ፣ አንድ ሠራተኛ

እነዚህ ነገሮች ክሬም ውስጥ የሚገቡት ለሁለት ሥራ ነው። አንዱ ውሃ ስቦ መያዝ ነው። ይህን የሚሠራውን እርጥበት ሳቢ እንበለው። ሌላው ማሟሟት ነው። ለምሳሌ ለብጉር የሚሆነው የሳሊሲሊክ አሲድ ዱቄት ውሃ ላይ ቢነሰነስ አብዛኛው ሳይሟሟ ከታች ይዘቅጣል። ግላይኮል ወይም አልኮል ውስጥ ግን ይሟሟል። አሟሚ የምንለው ይህን ነው።

ግራ የሚያጋባው ሁለቱንም ሥራ አንድ ነገር ሊሠራው መቻሉ ነው። አንዱ ውሃ በመያዝ ይበረታል፣ ሌላው በማሟሟት። ልዩነቱን ለመረዳት ኬሚስት መሆን አያስፈልግም። እጅ መቁጠር ይበቃል።

ኦክሲጅንና ሃይድሮጅን ተጣምረው የሚሠሩትን ጫፍ እንደ እጅ ቁጠሩት። ውሃን የሚጨብጠው እሱ ነው። የቀረው የካርቦን ሰንሰለት ደግሞ ሰውነቱ ነው፤ እሱ ከውሃ ይልቅ ወደ ዘይት ያደላል። ግሊሰሪን ሦስት ካርቦንና ሦስት እጅ አለው። ፕሮፒሊን ግላይኮል ሦስት ካርቦን አለው፣ እጁ ግን ሁለት ነው። ቡቲሊን ግላይኮል አራት ካርቦንና ሁለት እጅ። ኤታኖል፣ ማለትም ተራው አልኮል፣ ሁለት ካርቦንና አንድ እጅ ብቻ። እጅ ሲበዛ ውሃ መያዙ ይበረታል። እጁ አንሶ ሰውነቱ ሲገዝፍ ደግሞ ውሃ እምቢ ያለውን ነገር ማሟሟት ይቀለዋል። በዚህ ሒሳብ ከታች የምታነቡትን አብዛኛውን ራሳችሁ ልትገምቱት ትችላላችሁ።

በዓይን ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ሳህን ላይ ሦስት ጠብታ አድርጉ፤ አልኮል፣ ውሃና ግሊሰሪን። አልኮሉ ወዲያው ይተናል። ውሃው ትንሽ ቆይቶ ይሄዳል። ግሊሰሪኑ በነጋታው ስትመጡ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። አየሩ እርጥበት ካለው እንዲያውም ውሃ ስቦ ትንሽ ሰፍቶና ቀጥኖ ታገኙታላችሁ። በመፍሊያ ነጥብም ቢሆን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ኤታኖል በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ፕሮፒሊን ግላይኮል በ188 ገደማ፤ ግሊሰሪን ደግሞ በ290። ፊታችሁ ላይ የሚሆነውም ያው ነው። አልኮሉ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል፣ ግሊሰሪኑ ይቀመጣል።

ቆዳው ራሱ ምን አለው?

ውሃውን መያዝ ያለበት የቆዳችን የላይኛው ሽፋን ነው። አብዛኛው ሰውነታችን ላይ ውፍረቱ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ያህል ነው፤ ከአንድ ፀጉር ይቀጥናል። ይህ ሽፋን የራሱ እርጥበት ሳቢዎች አሉት። አሚኖ አሲዶች፣ ፒሲኤ የሚባለው ነገር፣ ላክቴትና ዩሪያ ተደባልቀው ውሃውን ይይዛሉ። በዚያ ሽፋን ውስጥ ያለው ውሃ ከ10% በታች ሲወርድ ቆዳው መተጣጠፍ ያቅተዋል። ይሰነጠቃል፣ ቅርፊት ያወጣል፣ ስንስቅ ጉንጫችን ላይ ይሳባል። ሙቅ ውሃና ጠንካራ ሳሙና እነዚያን የተፈጥሮ እርጥበት ሳቢዎች አጥበው ይወስዷቸዋል። ከክሬም የምንጠብቀው የተወሰደውን በከፊል እንዲመልስልን ነው።

ግሊሰሪን፦ ዝናው ያነሰ፣ ሥራው የበዛ

አድሏዊ መሆኔን ልናገር። አንድ ብቻ ምረጪ ብትሉኝ ግሊሰሪንን እመርጣለሁ።

አዲስ ነገር አይደለም። ስዊድን ይሠራ የነበረው ኬሚስት ካርል ቪልሄልም ሼሌ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የወይራ ዘይትን ከእርሳስ ኦክሳይድ ጋር ሲያሞቅ ያገኘው ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። ስሙም የተወሰደው ጣፋጭ ከሚል የግሪክ ቃል ነው። ዛሬም ሳሙና ሲሠራ ከዘይትና ከስብ ተለይቶ ይወጣል። ርካሽነቱ ሳይጎዳው አልቀረም። ርካሽ ነገር ፊት ለፊት በወርቃማ ፊደል አይጻፍም።

ጥቅሙ ግን ላይ ላዩን ውሃ በመያዝ ብቻ አያበቃም። ሕዋሶቻችን ውሃ የሚያሳልፉባቸው ጠባብ በሮች አሏቸው፤ አኳፖሪን ይባላሉ። አሜሪካዊው ፒተር አግሬ በ2003 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማትን የተጋራው እነዚህን በማግኘቱ ነው። ቆዳችን ላይ ያለው አኳፖሪን 3 የሚባለው በር ከውሃ በተጨማሪ ግሊሰሪንንም ያሳልፋል። ይህ በር የሌላቸው አይጦች ቆዳቸው ደረቅ ሆኖ ተገኘ። ግሊሰሪን ሲሰጣቸው ድርቀቱ ተሻሻለ። ግሊሰሪን ለቆዳችን እንግዳ አይደለም ማለት ነው። ቆዳው ራሱ የሚጠቀምበት ነገር ነው።

ጉድለቱ መጣበቁ ነው። ከ3% እስከ 10% ባለው መጠን ሲገባ ደህና ነው። ወደ 20% ሲጠጋ ፀጉር ፊት ላይ መለጠፍ ይጀምራል፣ ትራስም ያጣብቃል። ያልተበረዘውን ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩት። እኔ ሞክሬዋለሁ። "ትንሹ ከጠቀመ ብዙው ይበልጥ ይጠቅማል" ብዬ አንድ ምሽት ንጹሑን ግሊሰሪን እንዳለ ፊቴ ላይ ለደፍኩት። መጀመሪያ ሞቀኝ፣ ቀጥሎ ለበለበኝ፣ ጠዋት ደግሞ ፊቴ ከወትሮው ብሶበት ተነሳሁ። ውሃ የተጠማ ነገር ነውና ከየትም ይስባል፤ ከላይ ካላገኘ ከቆዳው ይወስዳል። ንጹሕ ግሊሰሪን ካላችሁ ለአንዱ እጅ ቢያንስ ዘጠኝ እጅ ውሃ ወይም ሎሽን ይኑረው። በውሃ ከበረዛችሁት ደግሞ በየጊዜው የሚበቃችሁን ብቻ አዘጋጁ እንጂ አታስቀምጡት። እንዲህ የተበረዘ ነገር ጀርም ያፈራል።

ሃያሉሮኒክ አሲድ፦ ዝናው የበዛ

ይህን ስም ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ካርል ማየርና ጆን ፓልመር በ1934 ከከብት ዓይን ፈሳሽ ለይተው ያወጡት ነገር ነው። በሰውነታችንም በቆዳ፣ በመገጣጠሚያና በዓይን ውስጥ አለ።

"የክብደቱን ሺህ እጥፍ ውሃ ይይዛል" የሚለውን ማስታወቂያ ስታነቡ ትንሽ ረጋ በሉ። ሴረም ውስጥ ያለው መጠን ብዙ ጊዜ 1% እንኳ አይሞላም። ብዙ ማስገባት ያስቸግራል፣ ምክንያቱም ትንሹ ብቻ ውሃውን ዝልግልግ ያደርገዋል። ያ ዝልግልግነት ደስ ይላል፣ ቆዳ ላይ ሲንሸራተት ውድ ነገር የተቀባን ይመስለናል።

ዋናው ልዩነት መጠኑ ነው። የግሊሰሪን ሞለኪውል ክብደቱ 92 ዳልተን ነው፤ ዳልተን የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው። ትልቁ ሃያሉሮኒክ አሲድ ከአንድ ሚሊዮን ዳልተን በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ግሊሰሪን በላይኛው ሽፋን ውስጥ ሲሰርግ ትልቁ ሃያሉሮኒክ ከላይ ተዘርግቶ እንደ ስስ ሻሽ ይቀመጣል። ተቆራርጦ ያነሰው ዓይነት ትንሽ ጠለቅ ይላል። ዝርዝር ላይ ሶዲየም ሃያሉሮኔት ወይም "ሃይድሮላይዝድ" የሚል ቃል ካያችሁ የዚሁ ዘመዶች ናቸው።

አየሩ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ያ ስስ ሻሽ ሲደርቅ ፊት ይወጣጠራል። "ሃያሉሮኒክ ተቀብቼ ጭራሽ ደረቅሁ" የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሴረሙን በደረቅ ፊት ላይ ቀብተው፣ ከላዩ ክሬም ሳይደርቡ የተዉ ናቸው። ፊት ገና እርጥብ ሳለ መቀባት፣ ወዲያው ደግሞ ከላይ ክሬም ወይም ስስ ቫዝሊን መደረብ ይሻላል። እርጥበት ሳቢ ውሃ ይይዛል እንጂ በር አይዘጋም። በሩን የሚዘጋው ቅባቱ ነው። ይህ ለግሊሰሪንም ይሠራል፣ ሃያሉሮኒክ ላይ ግን ጎልቶ ይታያል።

የእኔ ፍርድ፦ ወዛም ቆዳ ያለው፣ ክሬም የሚከብደው ሰው ሃያሉሮኒክን ይወደዋል። ደረቅ ቆዳ ያለው ሰው ግን ግሊሰሪን ዝርዝሩ ላይ ከፍ ብሎ የተጻፈበትን ተራ ክሬም ቢይዝ ይሻለዋል። ሁለቱም ያሉበት ካገኘ ደግሞ እሰየው።

ግላይኮሎቹ፦ እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ

ፊቴን ያቃጠለኝ ፕሮፒሊን ግላይኮል ነበር።

ክፉ ነገር ነው ማለቴ አይደለም። በምግብም በመድኃኒትም ውስጥ ይገባል። ውሃ ይይዛል፣ ሌላውን በደንብ ያሟሟል፣ አይጣበቅም። ከዚህም በላይ የላይኛውን ሽፋን ትንሽ አላልቶ ሌላው ነገር ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ ይረዳል። መድኃኒት ሠሪዎች የሚወዱት ለዚሁ ነው። ቆዳችሁ ደህና ከሆነ ይህ በጎ ነገር ነው። ቆዳችሁ የተላጠ ወይም ኤክዚማ ያለበት ከሆነ ግን ያው በር መክፈቱ ማቃጠል ይሆናል። አንዳንድ ሰው ደግሞ አለርጂ አለበት። የአሜሪካ የንክኪ የቆዳ ሕመም ሐኪሞች ማኅበር በ2018 "የዓመቱ አለርጂ አምጪ" ብሎ የመረጠው እሱን ነው።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ለፀጉር መርገፍ የሚቀባው ሚኖክሲዲል ነው። ፈሳሹ መድኃኒቱን የሚያሟሟው በፕሮፒሊን ግላይኮል፣ በአልኮልና በውሃ ነው። ብዙ ሰው ጭንቅላቱን ሲያሳክከው መድኃኒቱ ያልተስማማው ይመስለዋል። በአረፋ መልክ የሚመጣው ሚኖክሲዲል ግን ያለ ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው የሚሠራው። ወደ አረፋው ሲቀይሩ ማሳከኩ የሚተዋቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። መድኃኒቱ ያው ነው፤ የተቀየረው አሟሚው ነው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ግላይኮል ሲባል የመኪና ራዲያተር ውሃ ትዝ ብሏችሁ የምትደነግጡ አላችሁ። ፍርሃቱ ከየትም አልመጣም። በ1937 አሜሪካ ውስጥ ሰልፋኒላማይድ የተባለውን መድኃኒት በዳይኢቲሊን ግላይኮል አሟሙተው ሸጡት። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ከእነሱም መካከል ሕጻናት ነበሩ። አገሪቱ በቀጣዩ ዓመት፣ በ1938፣ የምግብ፣ የመድኃኒትና የመዋቢያ ሕጓን ያወጣችው ይህ ካስቆጣት በኋላ ነው። ነገር ግን ዳይኢቲሊን ግላይኮልና ራዲያተር ውስጥ የሚገባው ኢቲሊን ግላይኮል መርዝ ናቸው፤ ፕሮፒሊን ግላይኮል ሌላ ነው። የቤተሰብ ስም መጋራት ጠባይ መጋራት አይደለም።

ቡቲሊን ግላይኮል የፕሮፒሊን ጭምት ወንድም ነው። አንድ ካርቦን ይጨምራል፣ ቀለል ያለ ስሜት አለው፣ አለርጂ የማምጣቱ ነገርም ያነሰ ነው። የዕፅዋት ጭማቂዎች ለመዋቢያ ሠሪዎች ሲሸጡ ብዙ ጊዜ የሚመጡት በእሱ ተሟሙተው ነው። ስለዚህ "የዕፅዋት ሴረም" ላይ ስታዩት አትገረሙ። እኔ ወደዚህ ዞሬ ሰላም አግኝቻለሁ።

ፕሮፔንዳዮል የሚባለው ደግሞ ሰው ያደናግራል። ከፕሮፒሊን ግላይኮል ጋር የአቶሞቹ ዓይነትና ብዛት ልክ አንድ ነው። ልዩነቱ እጆቹ ያሉበት ቦታ ነው፤ የፕሮፒሊን አንዱ ጫፍ ላይ አንዱ መሐል ላይ ነው፣ የፕሮፔንዳዮል ሁለቱም ጫፍና ጫፍ ላይ ናቸው። ከበቆሎ ስኳር በማብላላት ሊሠራ ስለሚችል "ተፈጥሯዊ" የሚሉ ምርቶች ይመርጡታል። ፕሮፒሊን ያስቸገረው ሰው ሊሞክረው ይችላል፣ መጀመሪያ ግን ክንዱ ላይ።

ፔንቲሊን ግላይኮልና ሄክሳንዳዮል ሰንሰለታቸው ረዘም ያለ ነው። እርጥበት ይይዛሉ፣ ጀርምንም ያዳክማሉ። "ያለ ፕሪዘርቫቲቭ (እንዳይበላሽ የሚጨመር ማቆያ) የተሠራ" የሚል ክሬም ስታገኙ ከጀርባው ሄክሳንዳዮልን ፈልጉት፤ ብዙ ጊዜ አለ። ያን ሥራ የያዘው እሱ ነው።

አልኮል ሁሉ አንድ አይደለም

"አልኮል ዲናት" ወይም ኤታኖል ዝርዝሩ አናት ላይ ካለ ምርቱ ቶሎ ይደርቃል፣ ቀላል ነው፣ ሰንስክሪን ላይ ደስ ይላል። ደረቅ ወይም የተቆጣ ቆዳ ላይ ግን ይቆረቁራል። ሴቲል፣ ስቴሪልና ሴቲሪል አልኮል ግን እንደ ሰም ያሉ የክሬም ማወፈሪያዎች ናቸው፤ አያደርቁም። እነሱን አይቶ ክሬሙን መመለስ በስም ብቻ መፍረድ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው የእጅ ማጽጃ አልኮል አሠራርም ነገሩን ያሳያል። 80% ኤታኖል፣ 0.125% ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ 1.45% ግሊሰሪን ነው። ግሊሰሪኗ ጀርም አትገድልም። የገባችው እጃችን እንዳይሰነጠቅ ነው።

ዩሪያ፦ እንደ መጠኑ ሌላ ሰው

ዩሪያ ከቆዳችን የራሱ እርጥበት ሳቢዎች አንዱ ነው አልን። ከ5% እስከ 10% ሲሆን ያለሰልሳል። 20% እና ከዚያ በላይ ሲሆን የጠነከረውን ቆዳ ራሱን ይፈታዋል። 40% ያለው ለደነደነ ተረከዝና ለወፈረ ጥፍር ነው፤ ፊት ላይ አይወጣም። የተረከዝ ንቃቃት ካለባችሁ ከየትኛውም ውድ ሴረም በፊት 20% ወይም 25% ዩሪያ ያለው ክሬም ፈልጉ። ንቃቃቱ ደም ካለው ግን መጀመሪያ ይዳን፤ ያለበለዚያ እንደ እሳት ነው የሚያቃጥለው።

ሶርቢቶል፣ ፓንቴኖል፣ ሶዲየም ፒሲኤ፣ ሶዲየም ላክቴት፣ እነዚህ ሁሉ ደህና ረዳቶች ናቸው። ለነሱ ብላችሁ ግን ምርት አትቀይሩ።

ዝርዝሩን እንዴት ታነቡታላችሁ?

ዝርዝር የሚጻፈው ከብዙው ወደ ትንሹ ነው። ከ1% በታች የሆኑት ግን እንደፈለጉ ሊደረደሩ ይችላሉ። ያ የ1% መስመር የት ጋ እንዳለ አይነገረንም። አንድ ዘዴ ግን አለ፤ ፊኖክሲኢታኖል የሚባለውን ፕሪዘርቫቲቭ ፈልጉ። አውሮፓ ውስጥ ከ1% እንዳይበልጥ ተወስኗል። እንግዲህ በዚህ ደንብ በተሠራ ምርት ከሱ በታች የተጻፈው ሁሉ ቢበዛ 1% ነው። ሃያሉሮኒክ አሲድ እዚያ ቢሆን አይገርምም፣ ዱሮም መጠኑ ትንሽ ነው። ግሊሰሪን ከፊኖክሲኢታኖል በታች ከሆነ ግን ያ ክሬም በግሊሰሪን ያለሰልሳል ብላችሁ አትጠብቁ።

እንግዲህ ወደ ምርጫው። ፊታችሁ ከታጠባችሁ በኋላ የሚወጣጠር ከሆነ ግሊሰሪን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ የሆነበት፣ ቫዝሊን ወይም ሌላ ቅባት የተደረበበት ክሬም ይዛችሁ ፊታችሁ ሳይደርቅ ተቀቡ። ወዛም ከሆናችሁና መጣበቅ ከጠላችሁ ቡቲሊን ግላይኮልና ሃያሉሮኒክ ያሉበት ቀለል ያለ ጄል ይበቃችኋል። ቆዳችሁ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ ፕሮፒሊን ግላይኮልና አልኮል ዲናት አናት ላይ ያሉበትን እለፉት። ለብጉር ሳሊሲሊክ የምትቀቡ ከሆነ ግን ከአሟሚ ማምለጫ የለም። እዚያ ጥያቄው አለው ወይ ሳይሆን የትኛው ነው የሚለው ነው፤ አልኮል ከሚበዛበት ይልቅ ቡቲሊን ወይም ፕሮፔንዳዮል ያለበትን አስቀድሙ።

አዲሱን ነገር ፊታችሁ ላይ ከማዋላችሁ በፊት የክንዳችሁ የውስጥ ክፍል ላይ የሳንቲም ያህል ቦታ ምረጡ። በቀን ሁለቴ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን እዚያው ቦታ ላይ ቀቡት። አለርጂ እንደ ማቃጠል ወዲያው አይመጣም፤ ቀናት ቆይቶ ነው ብቅ የሚለው። ቀይ ካላደረገና ካላሳከከ ወደ ፊት ይሂድ። ካሳከከ ዝርዝሩን ፎቶ አንስታችሁ ያዙት። ሁለተኛው ምርት ሲያሳክካችሁ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና የሚጋሩትን ስም ፈልጉ።